ገምት፣ ከዚያ ለካ፦ ሒሳብን በኩሽና ስለማስተማር የደረሱን ጥያቄዎች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ ቢመጡም ቅሬታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ልጁ ቀመሩን ይሸመድዳል፣ ፈተናውንም ያልፋል፣ ነገሩ ግን አልገባውም። በመልሶቻችን ውስጥ ደጋግመን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። ልጁ ከመቅዳቱ፣ ከመቁረጡ ወይም ከመመዘኑ በፊት ግምቱን በወረቀት ላይ ይጻፍ። ግምቱን ካልጻፈ ውጤቱን ካየ በኋላ «እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት» ይላል፤ የተሳሳተው ሐሳብም ሳይነካ እዚያው ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ የአራተኛ ክፍል ልጄ 1/8 ከ1/4 ይበልጣል ብሎ ይከራከረኛል። «8 ከ4 ስለሚበልጥ» ነው የሚለው። አምባሻ እየቆረጥኩ ባሳየውም በማግስቱ ይረሳዋል። ምን ላድርግ? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አምባሻው ጥሩ ነው፤ ግን የሚቆርጡት እርስዎ ስለሆኑ ልጁ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። እሱ ይቁረጥ ቢባል ደግሞ ክብ ነገርን እኩል ስምንት ቦታ መክፈል ለትንሽ እጅ ከባድ ነው። አንዱ ቁራጭ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ይሆንና የምናስተምረው ነገር ይደበዝዛል። ስለዚህ በውሃ ይጀምሩ።

ከታች እስከ ላይ ወርዱ እኩል የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ይፈልጉ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የወረቀት ጥብጣብ ያዘጋጁና ርዝመቱን ከብርጭቆው ውስጠኛ ወለል እስከ አፉ ድረስ ልክ አድርገው ይቁረጡ። ከጠረጴዛው ጀምረው አይለኩ፤ የብዙ ብርጭቆ ቂጥ ወፍራም ስለሆነ ልኬቱን ያዛባል። ልጁ ጥብጣቡን ሦስት ጊዜ እኩል ለሁለት ይጠፈው። ሲዘረጋው ስምንት እኩል ክፍል ያገኛል። መስመሮቹን በእስክሪብቶ ያስምርና ጥብጣቡን ከውጭ በፕላስተር ይለጥፈው። አሁን ይጠይቁት፦ «1/4 የቱ መስመር ላይ ነው? 1/8ስ?» ጣቱን መስመሩ ላይ ያስቀምጥ፣ ግምቱን ይጻፍ፣ ከዚያ ውሃውን በሾርባ ማንኪያ እየቆጠረ ይጨምር። ብርጭቆው 240 ሚሊ ሊትር፣ ማንኪያው 15 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ 1/8 ላይ በ2 ማንኪያ፣ 1/4 ላይ በ4 ማንኪያ ይደርሳል። የየቤቱ ማንኪያ ስለሚለያይ በእርስዎ ቤት ቁጥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ማንኪያው እስከ መጨረሻው አንድ መሆኑና ሁሌም እኩል መሙላቱ ነው። ከዚያ «ወረቀቱን ደጋግመህ ባጠፍከው ቁጥር እያንዳንዱ ክፍል ምን ሆነ?» ይበሉት። የታችኛው ቁጥር የሚነግረን ሙሉው ስንት ቦታ እንደተከፈለ መሆኑን በራሱ አፍ የሚናገረው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ከገባው በዚያው ሳምንት ወደ መደመር ይለፉ። በ12 ማንኪያ ውሃ ልክ የሚሞላ ትንሽ ዕቃ ይፈልጉ፤ ከሌለ ብርጭቆው ላይ 12ኛው ማንኪያ የደረሰበትን ምልክት ያድርጉና «ሙሉ ማለት እዚህ ድረስ ነው» ይበሉት። የ12 ማንኪያ 1/3 አራት ማንኪያ ነው፤ 1/4ው ደግሞ ሦስት። 1/3 ሲደመር 1/4 ስንት ነው ሲባል ብዙ ልጆች ላዕሉን (የላይኛውን ቁጥር) ከላዕል፣ ታሕቱን (የታችኛውን) ከታሕት ደምረው «2/7» ይላሉ። አይከልክሉት፤ ይጻፈው። ከዚያ አራቱንና ሦስቱን ማንኪያ ሲጨምር 7 ማንኪያ ይሆናል፤ ከ12ቱ 7፣ ማለትም 7/12። የ12 ማንኪያ 2/7 ግን ሦስት ተኩል እንኳን አይሞላም። መጀመሪያ ከተጨመረው ከ1/3 ያንሳል ማለት ነው። ተደምሮ ያነሰ ነገር ሲያይ ልጁ ራሱ ይስቃል፤ የጋራ ታሕት ለምን እንደሚፈለግም ከዚያ በኋላ ለማስረዳት ይቀላል።

ሁለት ነገሮች ይህን ሙከራ ያበላሹታል። አንደኛው ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለ ብርጭቆ ነው። የታችኛው ራዲየስ 2.5፣ የላይኛው 3.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግማሽ ቁመቱ ላይ ያለው ውሃ የሙሉው 42 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ልጁ ግማሹን ሁለት ጊዜ ቀድቶ ብርጭቆው አልሞላ ሲል ግራ ይጋባል። (ከፍ ላለ ልጅ ግን ይኸው ራሱ ግሩም ጥያቄ ይሆናል።) ሁለተኛው ሙሉው ሳይነገር መለዋወጡ ነው፦ የትልቅ አምባሻ ሩብ ከትንሽ አምባሻ ግማሽ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ «ሩብ» ባሉ ቁጥር «የምኑ ሩብ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ያስይዙት።

ጥያቄ፦ «ለ3 ማንኪያ ውሃ 1 ማንኪያ ጭማቂ ከሆነ፣ ለ6 ማንኪያ ውሃ ስንት?» ብዬ የስድስተኛ ክፍል ልጄን ስጠይቀው «4» ይለኛል። «ውሃው በ3 ስለጨመረ ጭማቂውም በ3 ይጨምራል» ነው ምክንያቱ። (አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ልጅዎ ሰነፍ አይደለም። እስካሁን መደመር ሁሌም ሲሠራለት ስለቆየ ምጥጥን ላይም ይዞት መጥቷል። «ተሳስተሃል፣ አባዛው» ቢሉት ያባዛል፤ ለምን እንደሚያባዛ ግን አያውቅም። በዓይኑ እንዲያየው ከርከዴ ይጠቀሙ። ቀለሙ ስለሚናገር መቅመስም አያስፈልግም፣ ስኳርም አይባክንም።

አንድ እፍኝ (20 ግራም ገደማ) ከርከዴ በግማሽ ሊትር ውሃ ለ10 ደቂቃ እርስዎ ያፍሉት፣ ያጥልሉት፣ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ልጁ በሦስት ዕቃ ይቀላቅል። በ«ሀ» 1 ማንኪያ ከርከዴና 3 ማንኪያ ውሃ፣ በ«ለ» 2 ማንኪያ ከርከዴና 6 ማንኪያ ውሃ፣ በ«ሐ» ደግሞ የራሱን መልስ፣ 4 ማንኪያ ከርከዴና 6 ማንኪያ ውሃ። «የ‹ሀ›ን ቀለም የሚመስለው የትኛው ነው?» ብለው ያስጽፉት። ከሦስቱም አራት አራት ማንኪያ ወደ ሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ይገልብጥ፣ ከኋላቸው ነጭ ወረቀት ያቁም፣ ከጎን ይይ። «ሀ» እና «ለ» አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ሐ» ጠቁሯል። በ«ሀ» ውስጥ ከርከዴው ከጠቅላላው 25 በመቶ ሲሆን በ«ሐ» 40 በመቶ ነውና ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ነው።

ዋናው ትምህርት ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከ«ሐ» የተወሰደውን አራት ማንኪያ መልሰው «ይህን አስተካክለው» ይበሉት። ማውጣት አይቻልም፣ ውሃ መጨመር ብቻ ነው የተፈቀደው። 4 ማንኪያ ከርከዴ 12 ማንኪያ ውሃ ይፈልጋል፤ ያለው 6 ስለሆነ 6 ይጨመራል። ልጁ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ በዓይኑ ቢደርስበትም ችግር የለውም፤ ብቻ የጨመረውን ይቁጠር። ቀጥሎ 1 ለ3፣ 2 ለ6፣ 3 ለ9፣ 4 ለ12 እያለ ሠንጠረዥ ይሥራና ለ4 ማንኪያ ተኩል ውሃ ስንት ከርከዴ እንደሚያስፈልግ ይፈልግ (አንድ ተኩል ነው)።

ቀለሙ አልመጣም ካሉ የሚከተሉትን ይፈትሹ። ብርጭቆዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቁመትና ወርዱ ካልተስተካከለ ያው ድብልቅ በወፍራሙ በኩል ጠቁሮ ይታያል፤ እኩል አራት ማንኪያ የምንገለብጠው ለዚህ ነው። ለከርከዴውና ለውሃው ለየብቻ፣ መጠናቸው ግን እኩል የሆነ ማንኪያ ይኑር። ሎሚ አይጨመርበት፤ የከርከዴ ቀለም በኮምጣጣ ነገር ይቀላል፣ ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ደግሞ ወደ ሰማያዊነት ይሄዳል። በዚሁ ምክንያት ለሦስቱም አንድ ዓይነት ውሃ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር በምስርና በጤፍ ሒሳብ ስንሠራ እናቴ «እህል መጫወቻ አይሆንም» ብለው ይቆጣሉ። ምን ልበላቸው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልክ ናቸው፤ ሙከራውን እንደ እሳቸው ቃል ያዘጋጁት። እዚህ አምድ ላይ ካሉት ሙከራዎች አንዱም እህል እንዲጣል አያደርግም። እጅ ታጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሰፌድ ተነጥፎ ይሠራል፤ ምስሩ ተለቅሞ ወደ ድስት፣ ጤፉ ተነፍቶ ወደ ዕቃው ይመለሳል፤ ከርከዴው ይጠጣል። እናትዎንም ያሳትፏቸው። «በዚህ ድስት ስንት ሰው ይጠግባል?» ብለው ዕድሜ ልካቸውን በዓይን ሲመጥኑ ስለኖሩ ከልጆቹ ግምት አጠገብ የእሳቸው ግምትም ይጻፍ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ባለበት ሽምብራና ባቄላ መሬት ላይ አይተዉ፤ ያንቃል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዴ ወርዱ 16 ኢንች ነው፤ አገር ቤት እናቴ የምትጋግርበት ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። የ12 ዓመት ልጄን «የአያትሽ አንድ እንጀራ በእኛ ምጣድ ስንት ይሆናል?» ስላት «60 ለ40፣ አንድ ተኩል» አለችኝ። ልክ መስሎኝ ነበር፤ ሊጡ ግን ሁሌም ይተርፈኛል።

መልስ፦ ሊጡ የሚተርፍዎ መልሱ አንድ ተኩል ስላልሆነ ነው። 16 ኢንች 40.6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለልጅቷ እንዲቀላት 40 እንበለው። የ60ው እንጀራ ከ40ው 2.25 እጥፍ ይሆናል፣ ማለትም ሁለት ከሩብ። (ሳናጠጋጋ በ40.6 ብናሰላው 2.18 ገደማ ነው።) ልጅዎ ያነጻጸረችው የምጣዶቹን ወርድ ነው። ሊጡ የሚሸፍነው ግን ስፋቱን ነው፤ ምጣዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን በርዝመትም በወርድም 1.5 ጊዜ ስላደገ 1.5 በ1.5 ይባዛል።

ይህን በቃል አይንገሯት፤ ምስር ክክ ያውጡላት። ወረቀት ላይ በኮምፓስ፣ ከሌለ በክርና በእርሳስ፣ ዲያሜትራቸው 10፣ 15 እና 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ክቦች ትሥራ። ከ10 እና ከ15 ያለው ዝምድና ከ40 እና ከ60 ጋር አንድ ስለሆነ በትንሹ የሠራችው በትልቁ ይሠራል። ምስሩን ሳይደራረብ፣ አንድ ንብርብር ብቻ አድርጋ የ10ውን ክብ ትሙላ። ከዚያ ያንን ምስር ሰብስባ በሻይ ማንኪያ ትስፈረው ወይም ትመዝነው። የ15ቱንና የ20ውን ከመሙላቷ በፊት ግምቷን ትጻፍ። 15ቱ ወደ 2.25 እጥፍ፣ 20ው ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ሚዛንዎ በ1 ግራም በ1 ግራም የሚቆጥር ከሆነ በትንሹ ክብ ላይ የምታነበው ቁጥር ሻካራ ይሆናልና ትንሹን ክብ ሦስት ጊዜ ሞልታ ምስሩን አንድ ላይ ትመዝን፣ ለሦስት ታካፍል።

በምስር ፋንታ ሽምብራ ብትጠቀም ውጤቱ ከ4 ከፍ ብሎ ይመጣል። ምክንያቱም ትልልቁ ፍሬ ክቡ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግማሹ ውጭ ስለሚሆን አይገባም፤ ይህ ጉዳት ከትልቁ ይልቅ ትንሹን ክብ ይበልጥ ይጎዳዋል። ሳህን ላይም አትሥራው፤ የሳህን ጠርዝ ተዳፋት ስለሆነ ስፋቱን ማወቅ አይቻልም።

ወደ ሊጡ እንመለስ። ውፍረቱ እኩል እንዲሆን ከተፈለገ ለትልቁ እንጀራ ለምሳሌ 450 ሚሊ ሊትር ሊጥ የሚገባ ከሆነ ለእርስዎ ምጣድ 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የአሜሪካ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ወይም 16 የሾርባ ማንኪያ ስለሆነ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ሦስት አራተኛ ኩባያና አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። ለ10 የእናትዎ እንጀራ የተቦካ ሊጥ በእርስዎ ምጣድ 22 እንጀራ ያወጣና ጥቂት ይተርፋል። ኩባያና ማንኪያውን እያቀያየረች ይህን ያሰላች ልጅ የክፍልፋይ ልምምዷን በዚያው ጨርሳለች።

ምጣዱ ከወጣ አይቀር ፓይንም ያሳዩዋት። ሦስት ክብ ክዳኖችን በማይለጠጥ ክር ዙሪያቸውን ትለካ፣ በዲያሜትራቸው ታካፍል። የሱፍ ክር አይሁን፣ ይለጠጣል። ዲያሜትሩ የሚለካው በጣም ሰፊ በሆነው ቦታ፣ መሐሉን አልፎ ነው። የክሩ ልኬት በ1 ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት በ20 ሴንቲ ሜትር ክዳን ላይ መልሱ 3.14 መሆኑ ቀርቶ 3.19 ይሆናል፤ ያው ስሕተት በ60ው አክንባሎ ላይ ግን 3.16 ድረስ ብቻ ነው የሚወስደው። ትልቁን መለካት ለምን እንደሚሻል ጠይቋት።

ጥያቄ፦ አሥረኛ ክፍል ነኝ። የሉል የገጽታ ስፋት አራት ጊዜ ፓይ ሲባዛ በራዲየስ ስኩዌር ነው ተባልን። ከየት መጣ አራቱ? (ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አንድ ድቡልቡል ብርቱካን ያስፈልግሻል። መሐሉን፣ በጣም ሰፊ በሆነበት ቦታ፣ ለሁለት ቁረጪው። የተቆረጠውን ፊት ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ፤ እንዲህ አድርገሽ ስድስት ክቦች ሥሪ። የእያንዳንዱ ክብ ስፋት ፓይ ሲባዛ በራዲየስ ስኩዌር ነው። ልጣጩ ስንቱን ክብ እንደሚሸፍን ገምቺና ጻፊ። ከዚያ ሁለቱንም ግማሽ ልጠሽ ልጣጩን እንደ ጥፍር ያህል አድቅቂውና ክቦቹን አንድ በአንድ፣ ሳትደራርቢ፣ ክፍተትም ሳትተይ ሙያቸው። አራተኛው ክብ ሲሞላ ልጣጩ ያልቃል ወይም ጥቂት ይተርፋል። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን አንዱ ክብ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የልጣጩ ስፋት ደግሞ 201 ገደማ።

ልጣጩን በትልልቁ ከቀደድሽው ጎባጣ ስለሆነ አልተኛም ይልና ክፍተት ይፈጥራል። ሞላላ ብርቱካን ከመረጥሽም ቁጥሩ ይዛባል። ይህ በሙከራ ማየት እንጂ የሒሳብ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ግን ልብ በይ፤ ማረጋገጫው በክፍል የምትማሪው ነው። አራቱ ከየት እንደመጣ በእጅሽ ካየሽ በኋላ ግን ያንን ማረጋገጫ የምትከታተይበት ዓይን ይለወጣል።

ከዚሁ ጋር አንድ ተጨማሪ። ሁለት መደበኛ ወረቀት (21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር) አንዱን በቁመቱ፣ አንዱን በወርዱ ጠቅልለሽ ጫፎቹን ሳይደራረቡ በፕላስተር አያይዢ። ቀጭንና ረጅም፣ ወፍራምና አጭር ሲሊንደር ታገኛለሽ። ወረቀቱ አንድ ስለሆነ የሚይዙት እኩል ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ቀጭኑን በወፍራሙ ውስጥ ትሪ ላይ አቁሚና ቀጭኑን እስከ አፉ ሽምብራ ሙይው። ከዚያ ቀጭኑን ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ሳቢው፤ ሽምብራው ወደ ወፍራሙ ይወርዳል፣ ግን አይሞላውም። ቀጭኑ 1,042፣ ወፍራሙ 1,474 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛሉ። ይዘቱን ስናሰላ ራዲየሱ በራሱ ይባዛል፣ ቁመቱ ግን አንዴ ብቻ ስለሚገባ ነው። ከላይ ምጣዱ ላይ የታየው ነገር ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በክፍሌ 60 ተማሪ አለ፤ ቤተ ሙከራ የለንም። ስለ ትልልቅ ቁጥሮችና ስለ እጥፍ ዕድገት በምን ላስተምር? (መምህር፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ለአጠቃላይ ክፍሉ 10 የሻይ ማንኪያ ጤፍ፣ ነጭ ወረቀትና አንድ የ30 እንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ይበቃዎታል።

ተማሪዎቹን ስድስት ስድስት አድርገው በ10 ቡድን ይክፈሏቸው። እያንዳንዱ ቡድን እስከ አፉ እኩል የተሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ጤፍ ይቀበልና ስንት ፍሬ እንዳለው ይገምት። 500 የሚልም፣ አንድ ሚሊዮን የሚልም ይኖራል፤ ሁሉም ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። መስኮቱን ይዝጉ፣ ጤፍ በትንሽ ነፋስም ይበተናል። ጤፉን ወረቀት ላይ በቀጭን መስመር ያስተካክሉት፣ በማስመሪያ መሐሉ ላይ ለሁለት ይክፈሉት፣ ግማሹን ወደ ጎን ያርጉት። ይህ ስድስት ጊዜ ይደገም። የሚቀረው የማንኪያው 1/64 ነው። እሱን በእርሳስ ጫፍ አሥር አሥር እያደረጉ ይቁጠሩ። 200 ገደማ ቢሆን 200 ሲባዛ በ64፣ 12,800 ይሆናል። እንደ ጤፉ ዓይነትና እንደ ማንኪያው አሞላል ከ10,000 እስከ 20,000 ያለው ውጤት ሁሉ ጤናማ ነው።

አሥሩ ቡድኖች አሥር የተለያየ መልስ ይዘው ይመጣሉ፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መነጋገር ከመልሱ ይበልጣል። መጨረሻ ላይ አንድ ፍሬ መሳሳት በ64 ይባዛል። ከሁሉ የሚከፋው ግን አከፋፈሉ ነው፤ በየጊዜው የሚያስቀሩት ክፍል 50 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 48 በመቶ ቢሆን ከስድስት ጊዜ በኋላ መልሱ በ22 በመቶ ያንሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የትኛው ግማሽ እንደሚቀር ሳንቲም ጥለው ይወስኑ፤ ያኔ አንዴ የሚበዛው ሌላ ጊዜ ስለሚያንስ ስሕተቱ ይጣፋል። የክፍሉ መልስ እንዲሆን አሥሩን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ደርድረው መሐለኛውን፣ ማለትም የአምስተኛውንና የስድስተኛውን አማካይ ይውሰዱ፤ አንድ ቡድን በጣም ቢስት እንኳ መሐለኛው አይናወጥም።

አሁን ካርቶኑን ያምጡ። በመጀመሪያው ጉድጓድ 1 ጤፍ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ እንዲህ እጥፍ እያደረጉ ይሂዱ። ከመጀመርዎ በፊት 30ኛው ጉድጓድ ላይ ለመድረስ ስንት ጤፍ እንደሚያስፈልግ ይገምቱ፤ «አንድ ጣሳ» የሚል አይጠፋም። እስከ ስምንተኛው (128) በእጅ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ራሱ ያገኘው ቁጥር ያገለግላል። ማንኪያው 12,800 ከሆነ 15ኛው ጉድጓድ (16,384) አንድ ማንኪያ ከሩብ ገደማ ነው፣ 17ኛው (65,536) አምስት ማንኪያ። የአሥሩ ቡድኖች ጤፍ ሁሉ ተሰብስቦ 17ኛውን ለመሙላት ለጥቂት ያንሳል፤ 13 ጉድጓድ ገና ባዶ ነው። ቀሪው በወረቀት ይሰላ። 20ኛው ጉድጓድ ብቻውን 524,288 ጤፍ ይፈልጋል። የ30ዎቹ ድምር 1,073,741,823 ነው። 3,000 ገደማ ጤፍ አንድ ግራም ይመዝናል ብለን ብናሰላው 358 ኪሎ፣ ማለትም ሦስት ኩንታል ተኩል ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ከእሱ በፊት ካሉት ሁሉ ድምር በ1 እንደሚበልጥ የሚያስተውል ተማሪ ካለ ሰሌዳው ፊት ወጥቶ ለምን እንደሆነ ያስረዳ። የሴሎችን መከፋፈል፣ የወለድ ወለድን፣ የወረርሽኝ ስርጭትን ሲያስተምሩ ይህንኑ ካርቶን መልሰው ያውጡት።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሆኜ ከልጄ ጋር ኬክ እንጋግራለን። አሠራሩ በኩባያ ነው የተጻፈው። «ኩባያ 250 ነው» ብዬ ሁሉንም 250 ግራም መዘንኩ፤ ኬኩ ደረቀ።

መልስ፦ 250ው ሚሊ ሊትር እንጂ ግራም አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች የሚገጥሙት በውሃ ብቻ ነው። ባለ 250 ሚሊ ሊትር ኩባያ ስኳር 200 ግራም፣ ዘይት 230 ግራም፣ ደቃቅ ጨው 300 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የስንዴ ዱቄት ግን በማንኪያ ተደርጎበት ሲሞላ 125 ገደማ፣ ከተጠቀጠቀ 150 እና ከዚያም በላይ ነው። እርስዎ ዱቄቱን በእጥፍ ጨምረዋል ማለት ነው።

ልጅዎ አምስቱንም ነገሮች በአንድ ኩባያ እየሞላች ከመመዘኗ በፊት ከቀላሉ ወደ ከባዱ በግምት ትደርድራቸው። ከዚያ ዱቄቱን ብቻ አምስት ጊዜ ሞልታ ትመዝንና አማካዩን ታውጣ። አምስቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚራራቁ ስታይ ጋጋሪዎች ዱቄትን በግራም መመዘን ለምን እንደሚመርጡ ይገባታል። ሚዛኑን ግን አስቀድመው ይፈትሹት፦ ባዶ ጆግ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱ፣ 1 ሊትር ውሃ ይጨምሩ፤ 1,000 ግራም ወይም በጣም የቀረበ ቁጥር ማሳየት አለበት።